አሥር ሳንቲሙ ላይ ያለው ቀንድ

በባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ፣ ለሰፈሩ ሕዝብ ከተሰጠ ትምህርት የተጻፈ

 ከሁሉ በፊት ስለተቀመጣችሁበት ወንበር ይቅርታ እጠይቃለሁ። የማወራው ስለ ወንበርና ስለ ቤት ውስጥ አሠራር ነው፤ እናንተን ግን ያስቀመጥኋችሁ ለሠርግም ለለቅሶም በምንከራየው ፕላስቲክ ላይ ነው። እየተቁነጠነጣችሁ ካየሁ ንግግሬ ሰለቻቸው አልልም፤ ወንበሩ ነው እላለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነገር አለ። አንዱ አሮጌ አሥር ሳንቲም ነው። ሁለተኛው መቋሚያ ነው፤ ከጎረቤቴ ከመሪጌታ ተውሼ ነው ያመጣሁት፣ ነገ ሳይነጋ እመልሳለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ሦስተኛው ከእናቴ ቤት የተሸከምሁት ዱካ የሚባለው በርጩማ ነው።

በሳንቲሙ ልጀምር። በ1969 ዓ.ም. የተቀረጸው አሥር ሳንቲም በአንድ ወገኑ የአንበሳ ራስ አለው፤ በሌላው ወገን ቀንዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የወጣ የዱር እንስሳ አለ። ልጆች ሳለን ፍየል ነው ብለን እንከራከር ነበር። የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ አብዛኛው ያለው በባሌ ተራሮች ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ይህን ቀንድ ስንት ዓመት በኪሳችን ይዘን ዞርን፤ ማስቲካ ገዛንበት፣ መልስ ተቀበልንበት፣ ልቅሶ ቤት መሐረብ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ አገኘነው። ልብ ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ቀንድ ወንበር ያወጣ ሰው አለ። ሳንቲሙን አይቶ ነው አልልም፤ አጋዘኑን ግን አይቷል። ጆሞ ታሪኩ ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ ኬንያን ብታስቡ አልተሳሳታችሁም፤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ኬንያ ነው። ያደገው አዲስ አበባ ነው። አሁን የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂንያ ነው። ሥራው የቤት ዕቃ ዲዛይን ነው፤ ወንበርና በርጩማ። «ኢንቴሪየር ዲዛይን» ሲባል እዚህ አገር ቀድሞ የሚታሰበው ጅብሰም ኮርኒስና የመጋረጃ ቀለም ስለሆነ፣ ስለ አንድ ወንበር ሠሪ ለምን ይነገረናል የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ግን አሥራ ምናምን ዓመት ቤት ሳስውብ የተረዳሁት ይህን ነው፦ ሰው ቤት ገብቶ ከግድግዳው ጋር አይኖርም፤ ከሚቀመጥበት ጋር ነው የሚኖረው።

ሰውየው እንዴት እዚህ ደረሰ? አባቱ በአፍሪካ አገሮች ሲጓዙ ያገኙትን ዕቃ እየሰበሰቡ ቤት ያመጡ ነበር፤ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ በርጩማ። ልጁ እነዚያን ዕቃዎች ደብተር ላይ ይስላል። ሰው ቤት እንግዳ ሆነን ስንሄድ ልጆቻችንን «አትንካ!» የምንላቸው ዓይነት ዕቃ ማለት ነው። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ በአካባቢው ባለ የእንጨት ሥራ ቤት ይውላል። ሰጋቱራ ውስጥ የሚውል ልጅ ሁለት ነገር ይማራል፤ እንጨት በየትኛው በኩል እሺ እንደሚልና በየትኛው በኩል እንደሚሰነጠቅ። ይህን በመጽሐፍ ማስተማር ይቻላል፣ ግን ጣት እስኪቆረጥ ድረስ ማንም አያምንም።

ከዚያ አሜሪካ ሄዶ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ተማረ። የመመረቂያ ሥራው ርእስ ዘመናዊ የአፍሪካ የቤት ዕቃ ነበር። በዚያን ጊዜ «የአፍሪካ የቤት ዕቃ» ሲባል በየመደብሩ የሚታየው የነብር ቆዳ ጥለት የታተመበት ትራስ፣ ጭምብል የተለጠፈበት ጠረጴዛ ነበር። እሱ የጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ አፍሪካዊ የሆነ ግን የቱሪስት ማስታወሻ ያልሆነ ወንበር ምን ይመስላል? ይህን የተማሪ ጥያቄ ይዞ ነው ዕድሜውን ሙሉ የሠራው።

አሁን እዚህ ላይ ወጣቶች ልብ በሉልኝ። ይህ ሰው ተመርቆ በማግሥቱ ስሙ አልተጠራም። ለዓመታት እንጀራው የዓለም ባንክ ነበር፤ የዳታ ባለሙያ ሆኖ። ቀን በቁጥር፣ ማታና በእረፍት ቀን በእንጨት። ይህን የምነግራችሁ አንዳንድ ተማሪዎች እኔ ዘንድ እየመጡ «ሙያዬን ለማሳደግ ሥራዬን ልልቀቅ ወይ?» ስለሚሉኝ ነው። እኔ አትልቀቁ ነው የምላቸው። ይህን ስል ፈሪ ነሽ ያሉኝ አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው የደንበኛውን መጥፎ ሐሳብ እምቢ ማለት አይችልም፤ ደመወዝ ያለው ሰው ይችላል። በዚህ ሥራ ውስጥ እምቢ ማለት መቻል ከመሣሪያ ሁሉ ይበልጣል።

ደግሞ የቁጥር ሥራው ለእንጨቱ ጠቅሞታል። አንድ ጊዜ ተቀምጦ ታላላቅ የቤት ዕቃ አምራቾች ያወጧቸውን ስብስቦች አንድ በአንድ ቆጠረ። 4,417 ስብስቦች ውስጥ በጥቁር ዲዛይነሮች የተነደፉት 14 ብቻ ሆነው አገኛቸው፤ ከመቶ ሲሰላ የአንድ እጅ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ቅሬታ ሁሉም ሰው አለው፤ እሱ ግን ቅሬታውን ቆጥሮ ነው ያመጣው። ከዚያ በኋላ «አጋጣሚ ነው» ማለት ለማንም ከባድ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ኒው ዮርክ በሚገኘው በሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ ከጥቁር ሕዝብ ታሪክና ከምናብ የተሠራ አንድ የቤት ክፍል ለሕዝብ ተከፈተ። እዚያ ውስጥ ከተቀመጡት ዕቃዎች አንዱ የጆሞ ወንበር ነው። የወንበሩን ስም ስነግራችሁ እናቶች ትስቃላችሁ፤ «ሚዶ» ይባላል። አዎ፣ ያው ፀጉራችንን የምናበጥርበት ሚዶ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ፎርኤቨር» በተባለው ፊልም ውስጥ ሥራዎቹ ታዩ። ሌሎቹንም ሥራዎቹን በስም ብቻ ላንሳቸው፦ «ሙቀጫ» የሚባል በርጩማ አለው። «ቋንጣ» የሚባል ወንበር አለው። ከኦሮሞ የእንጨት ትራስ የወሰደው «ቦራቲ» አለ። የአጋዘኑ ደግሞ «ኒያላ» ነው። ፈረንጅ እነዚህን ስሞች ለመጥራት አፉን እንዴት እንደሚያጣምም ማየት ደስ ይለኛል፤ እኛ «ስካንዲኔቪያን» ለማለት የደከምነውን ያህል እነሱም ይድከሙ።

ወደ መቋሚያው ልምጣ። ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን ያስተኛኝ፣ ይቅርታ፣ እንቅልፍ የነሳኝ፣ «መቋሚያ» የተባለው ወንበሩ ነው። መጀመሪያ ሥዕሉን ሳየው ተናደድሁ። መቋሚያ የሚለው ቃል ራሱ ከመቆም ነው የወጣው። የመቆሚያውን ዕቃ መቀመጫ ማድረግ ምን ማለት ነው? ይህን ቅሬታዬን ይዤ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ፤ ስልኬ ላይ ያለውን ሥዕል አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ለሊቃውንቱ የሚሆን አላየሁም አልኋቸው። «እንግዲያው የኛ ወንበር ይኸው ነው፤ ቆመን የምንቀመጥበት» አሉና በብብታቸው ሥር ያዙት።

እዩ የእሳቸውን አያያዝ። እንዲህ ነው። ራሱ እንደ ቀንበር ወደ ሁለት ጎን የወጣ ነው፤ ብብት ሥር ሲገባ ክብደት ከእግር ወደ ዘንጉ ይወርዳል። ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። በዝማሜ ጊዜ ይኸው ዘንግ ተነሥቶ ይወዛወዛል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ሲያበቃ ተመልሶ ብብት ሥር ይገባል። ማረፊያ ነው፣ መሣሪያ ነው፣ የዜማ ምልክት ነው። እኔ የቤት ዕቃ አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ለካ ለቆመ ሰው የተሠራ የቤት ዕቃ ኖሯል። ጆሞ ያየው ይህን ነው ብዬ አምናለሁ። ቅርጹ አምሮ ስለታየው ብቻ ቢሆን ኖሮ መቋሚያውን ወስዶ የጠረጴዛ መብራት ዘንግ ያደርገው ነበር፤ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ መብራት ሞልቷል። እሱ የደከመ ሰውነት የሚደገፍበት መሆኑን ነው የወሰደው።

ይህን ልዩነት ያወቅሁት ራሴ ተሳስቼ ነው፤ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል፣ ስሙን ተዉት፣ እንግዳ መቀበያውን «ባህላዊ አድርጊልን» አለኝ። ደስ አለኝ። ጣና ዳር ሆኜ ባህል ከየት ላምጣ ብዬ አልተጨነቅሁም፤ ታንኳ! የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒውን በታንኳ ቅርጽ ነደፍሁት። ውስጡ ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ ጣውላ፣ ላዩ በደንገል የተለበጠ፣ ጫፉ እንደ ታንኳ ሽቅብ የወጣ። ኮርኒሱ ላይ የመሶብ ክብ አደረግሁ፣ ግድግዳው ላይ የጥበብ ጥለት በቀለም አሳየሁ። ሲመረቅ ሁሉም ፎቶ ተነሣበት። እኔም ተነሣሁ።

ክረምት ገባ። ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ኤምዲኤፉን ሥሩን አሳበጠው፤ እንደ ተነፋ ዳቦ ሆነ። ወለሉ በየጠዋቱ በውሃ ይወለወል ነበርና ያንን አላሰብሁም። የእንግዶች ሻንጣ እየፋቀ ደንገሉን በጣጠሰው። ልጠግነው ብዬ አንድ የታንኳ ሠሪ አዛውንት ለምኜ ይዤ ሄድሁ። ሰውየው ባንኮኒውን ዞሩት፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉትና «ይሄ ይንሳፈፋል?» አሉኝ። አይንሳፈፍም፣ የእንግዳ መቀበያ ነው አልኋቸው። «እና ታንኳ ለምን ሆነ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን አስተማሩኝ። ደንገል የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር የያዘ ስለሆነ ነው። ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከዋለበት ተጎትቶ ዳር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሲያረጅ ተፈትቶ ይጣላል፣ ሌላ ይታሰራል። ዕድሜው በወር ነው የሚቆጠረው። ቀላል፣ ርካሽ፣ ቶሎ የሚተካ መሆኑ ነው ጥበቡ። እኔ ይህንን ሁሉ ትቼ አፍንጫውን ብቻ ወሰድሁ፤ በዚያ ላይ ለአሥር ዓመት እንዲቆይ ጠበቅሁበት። የሆቴሉ ሰዎች ቀሪ ክፍያዬን ለመስጠት ሲያንገራግሩ ብዙ አልተከራከርሁም።

ከዚያ በኋላ ምን አደረግሁ? ዘጌ ወዳለው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሄድሁ። ለጸሎትም ነው፣ ለሥራም ነው። ሴት በመሆኔ ወንዶች ብቻ የሚገቡበትን የክብራን ገብርኤልን ገዳም ከጀልባ ላይ ሆኜ ነው የምሳለመው፤ ኡራ ግን እንገባለን። ዘጌ ከዚህ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ገዳማቱን በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ በትረ ማርያም እንደ መሠረቷቸው ይነገራል። ሥዕሎቹን ለማየት የሚሄድ ብዙ ነው፤ መቅደሱ ከታች እስከ ላይ በሥዕል የተሸፈነ ነው፣ ሥዕሉም ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው የተሣለው። እኔ በዚያን ቀን ሥዕሉን ትቼ የማየው ሌላ ነገር ነበር፤ ብርሃኑን።

ከሐይቁ ፀሐይ ወጥታችሁ፣ በቡናው ጥላ ሥር ሽቅብ ሄዳችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። ቤቱ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያውን ይሄዳል፣ ቅድስቱ ቀጥሎ፣ መቅደሱ መካከል ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ቆሟል። ብርሃን የሚገባው በበሮቹ ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ወለሉን ነክቶ። ዓይን ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰው ድምፁን ይቀንሳል፤ ማንም ዝም በሉ ሳይል። ከዚያ ሥዕሉ አንድ በአንድ ከጨለማው ይወጣል። ሙሉውን በአንድ ጊዜ አያሳይም፤ መቅደሱን የሚዞር ሰው እየዞረ ነው የሚያየው። ይህን የሠሩ ሰዎች ዲዛይነር የሚል ስም አልነበራቸውም። ግን በር የት እንደሚከፈት፣ ሰው በየት እንደሚዞር፣ ዓይኑ ምን ቀድሞ እንዲያይ ያውቁ ነበር።

እዚህ ባሕር ዳር የምንሠራቸውን ሳሎኖች ግን እዩዋቸው። ኮርኒሱ ላይ ሃያ አምፖል ይደረደራል፤ ቤቱ እንደ ወርቅ ቤት ያበራል። ሶፋው ከበሩ አይገባም ተብሎ በመስኮት ይገባል። ቢፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ ለፋሲካ እንኳ አይወጣም። ባለቤቶቹ የሚውሉት ደግሞ ጓዳ ወይም በረንዳ ላይ ነው፤ እንዴት አይውሉ፣ ነፋስ ያለው እዚያ! በሐይቅ ዳር ከተማ ውስጥ ለነፋስ ጀርባ የሰጠ ቤት ሠርተን ቬንቲሌተር እንገዛለን። ደንበኞቼን አሁን የመጀመሪያው ቀን ላይ የምጠይቃቸው ስለ ቀለም አይደለም። ቡና የሚፈላው የት ነው? አያት ካሉ የሚጸልዩት የት ነው? ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩት መሬት ላይ ተደፍተው ነው ወይስ ጠረጴዛ ላይ? አንዲት እናት «ይህ ሁሉ ምን ያደርግልሻል፣ ሶፋ ምረጪልኝ» ብለውኝ ያውቃሉ። መረጥሁላቸው። ግን ከበረንዳው አጠገብ ዝቅ ያለ መደብ ሠራሁላቸው፤ ሶፋው እስካሁን ላስቲኩ አልተነሣም አሉ።

ስለ ብርሃን ካነሣሁ አይቀር፣ የአዲስ አበባውን የአፍሪካ አዳራሽ ሳላነሣ ብቀር ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀ ነው፤ ንድፉ የጣሊያናዊው የአርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። ከመግቢያው ላይ ያለው ባለ ቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የሠዓሊው የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ ሥዕል ተማረ። ማዕድን ተምሮ ቢመለስ ኖሮ ያ ደጅ ምን ይመስል እንደ ነበር አንዳንዴ አስባለሁ። አዳራሹ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና ተከፍቷል። ፀሐይ ሲገባ ቀዩና ሰማያዊው ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ መስታወቱ ግድግዳ ሆኖ ሳለ ወለሉን ያለብሰዋል። ያው የኡራ ትምህርት ነው፤ ብርሃን በየት እንዲገባ ማወቅ።

ወደ ጆሞ ስመለስ፣ ሥራው እንከን የለውም እያልሁ አይደለም። ወንበሮቹ ውድ ናቸው፤ እዚህ ሰፈር አንዱን እንኳ የሚገዛ አላውቅም። ዘጌ ያለ ዲያቆን «መቋሚያ» በተባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም፣ ምናልባትም አይቀመጥም። ይህ ያሳዝነኛል። ግን ጥፋቱን እሱ ላይ ብቻ አልጥልም። መቋሚያው እዚህ ነው ያለው፣ ዋንዛውም እዚህ ነው፣ መሮና መጋዝ የያዘው አናጢም እዚህ ነው። እኛ ግን ለአናጢው የምንሰጠው ከስልክ ላይ ያነሣነውን የቱርክ ሶፋ ፎቶ ነው።

በመጨረሻ ይህ ዱካ። እያዞራችሁ እዩት። ከአንድ ግንድ ነው የተፈለፈለ፤ ሚስማር የለውም፣ ኮላ የለውም። ሦስት እግር ነው ያለው። ለምን አራት አልሆነም ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ወለሉ ጭቃ ስለ ነበረ ነው። በእበት የተለቀለቀ ወለል ጎድጎድ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አራት እግር ያለው ወንበር እዚያ ላይ ይንገዳገዳል፣ ሦስት እግር ያለው ግን የትም ቢያስቀምጡት አይነቃነቅም። ይህን የሚያውቅ ሰው ጂኦሜትሪ አልተማረም። ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ፤ የመሮው ምልክት አሁንም አለ፣ እንደ ሻካራ ቅርፊት። ከላይ ግን መስታወት መስሏል። ያንን ያለሰለሰው ቫርኒሽ እንዳይመስላችሁ፤ የአርባ ዓመት መቀመጥ ነው።

አይታችሁ ስትጨርሱ ግን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ መልሱልኝ። እናቴ ነገ ቡና የምታፈላው በሱ ላይ ተቀምጣ ነው።